ያልተጠየቁት ወገኖቻችንና የጤና አገልግሎታችን
(በመስጊዱ ኮሚቴ የመታሰቢያ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

በአላህ ስም እጀምራለሁ። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ኮሚቴው ስለ ጤና እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር የማወራ ሳይመስላችሁ አይቀርም። ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍሁ ስለ እነርሱ መናገር አይከብደኝም ነበር። ይሁን እንጂ ለዛሬ የመረጥሁት ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም በየቤታችን እያሉ በስብሰባችን የማይታዩትን፣ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡም የማይጠየቁትን ወገኖቻችንን የሚመለከት ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስላለባቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ እንዲሁም የጤና አገልግሎታችንን ለማሻሻል እነርሱም ሐሳብ ሊሰጡ ስለሚገባቸው ምክንያት አወራችኋለሁ።

ከቤቴ እጀምራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ይህ ውስንነት ነበረበት። በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሱታላችሁ። ይህ መስጊድ በቆርቆሮ አጥር ብቻ ተከልሎ በነበረበት ዘመን በር ላይ ቆሞ ጫማ የሚደረድረው እርሱ ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ የሚከፍለውም አልነበረም። የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ነበሩ፤ የእያንዳንዱን ሰው ጫማ ግን ለይቶ ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሱብሒ ሰላት በኋላ ክንዴን ይዞ «ጫማ የለም! ጫማ የለም!» ይለኝ ጀመር። ሌባ የገባ መስሎኝ ብፈልግ የጠፋ ጫማ የለም። እርሱ ግን አልለቀቀኝም፤ ወደ ላይ ወደ ዳገቱ ጎትቶ አንድ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ቤት አደረሰኝ። አዛውንቱ ለሁለት ቀናት አልጋ ላይ ወድቀው፣ ውኃ የሚያቀብላቸው እንኳ አጥተው አገኘናቸው። ለካ «ጫማ የለም» ያለው የእርሳቸው ጫማ ከሰልፉ ጎድሎበት ነው። እኛ ከጎናቸው የምንሰግደው መቅረታቸውን ልብ አላልንም፤ እርሱ ግን አውቆ ነበር።

ይኸው ሰው ራሱ ሲታመም የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። ምግብ ተወ። ሌሊት ሌሊት ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጭና መንጋጋውን በቡጢ ይመታ ጀመር። ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰድሁት። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። መርማሪው እርሱን ትቶ ወደ እኔ ዞሮ «ድሮም እንዲህ ያደርገዋል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «አንዳንዴ ይነጫነጫል» አልሁ። የሚያስተኛ ኪኒን ታዘዘለትና ተመለስን። በ19ኛው ቀን አንገቱ አብጦ፣ ትኩሳቱ ነዶ፣ መተንፈስ ሲያቅተው ተሸክመን ወደ ሆስፒታል አስገባነው። መነሻው የመንጋጋ ጥርሱ ነበር። ከጥርሱ ሥር የቋጠረው መግል ወደ አንገቱ ወርዶ ነበር። መግሉን ያወጣለት ሐኪም «እስካሁን አፉን ከፍቶ ያየው ሰው የለም?» ብሎ ጠየቀኝ። ነርስ ነኝ፤ ወንድሙም ነኝ፤ የምመልሰው አጣሁ። መንጋጋውን እየመታ ለ19 ቀናት ሲነግረኝ የከረመውን «ተፈጥሮው ነው» ብዬ አልፌው ነበር።

አላህ አተረፈው። ከዚያ በኋላ እናታችን ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ሆነው ሳለ እኔ በትምህርት ያላገኘሁትን መላ አገኙ። በካርቶን ላይ በከሰል የሰው ቅርጽ ሣሉ፤ ራስ፣ አፍ፣ ደረት፣ ሆድ፣ እግር። ሲከፋው ካርቶኑን ያቀርቡለታል፤ እርሱም ጣቱን የሚያመው ቦታ ላይ ያሳርፋል። ወደ አኼራ እስኪሄድ ድረስ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በዚያች ካርቶን ብዙ ሕመሙን በጊዜ ደረስንበት። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የዚያች ካርቶን ማብራሪያ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

ስለማን ነው የምንናገረው?

በመጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል። በሰፈራችን «ጅል»፣ «ነፈዝ»፣ «ዘገምተኛ» የሚሉ ስሞች አሉ። ስድብን ለሰው ስም አድርጎ መስጠት ተገቢ አይደለምና እንተዋቸው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ከልጅነት የሚጀምር፣ ነገሮችን የመማርና የማመዛዘን ችሎታንና የዕለት ተዕለት ኑሮን ራስን ችሎ መምራትን የሚያዘገይ ሁኔታ ነው። ከአእምሮ ሕመም የተለየ ነው። የአእምሮ ሕመም ጤነኛ የነበረን ሰው በማናቸውም ዕድሜ ሊይዘው ይችላል፤ በሕክምናም ሊሻለው ይችላል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ግን የሚድን በሽታ ሳይሆን ሰውዬው አብሮት የሚኖር ነው። በእርግጥ ይህ ውስንነት ያለበት ሰውም እንደማንኛውም ሰው ጥርሱን፣ ሆዱን፣ ልቡን ሊታመም ይችላል። ይህንኑ ነው የምንረሳው። ኦቲዝምም የራሱ መለያ አለው፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ይታያል እንጂ አንድ አይደሉም።

መንስኤው ብዙ ነው። ከመወለድ በፊት የሚመጣ አለ፤ ዳውን ሲንድረም ከዚህ ወገን ነው። በምጥ ጊዜ አየር አጥሮት የሚጎዳ ሕፃን አለ። የማጅራት ገትርና ከባድ የጨቅላ ሕፃናት ቢጫ በሽታም አእምሮን ይጎዳሉ። የአዮዲን እጥረት ደግሞ በዓለም ላይ ልንከላከላቸው ከምንችላቸው መንስኤዎች ግንባር ቀደሙ ነው። በአገራችን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። ስለዚህ እናቶች ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለበትን ምረጡ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቃችሁ ከድናችሁ አስቀምጡ፤ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሩት። መንስኤውን የእናት ኃጢአት፣ እርግማን ወይም የጂን ሥራ ማድረግ ግን በእናቲቱ ላይ ሁለተኛ ሸክም መጫን ነው።

ቁጥራቸው ምን ያህል ነው? በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከ100 ሰዎች ወደ 1 ገደማ የሚሆነው ይህ ውስንነት እንዳለበት ያመለክታሉ፤ በድሃ አገሮች ቁጥሩ ከፍ ይላል። እንግዲህ ለጁምዓ 1000 ሰው ከሚሰበሰብበት ሰፈር 10 ያህል ይኖራሉ ማለት ነው። ወንድሞቼ፣ ሶፋችሁን ተመልከቱ። አሥሩ የት አሉ? ካልመጡ ማን ከለከላቸው? ጫማቸው ከሰልፉ ጎድሏል፤ እኛ ግን «ጫማ የለም» ብለን አልጮህንም።

ጥላ የሸፈነው ሕመም

በወንድሜ ላይ የደረሰው ስሕተት በሕክምና ዓለም የታወቀ ነው። ሐኪሙ የሰውዬውን ውስንነት ያይና ከጀርባው ያለውን ሕመም ሳያይ ይቀራል፤ ውስንነቱ በሕመሙ ላይ ጥላ ይጥልበታል። ጩኸቱ፣ መቆጣቱ፣ ምግብ መተዉ ሁሉ «ጠባዩ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሊታለፍ የማይገባውም ነገር ብዙ ነው። ዳውን ሲንድረም ይዘው ከሚወለዱ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ አፈጣጠር ችግር አለባቸው። የታይሮይድ ዕጢ፣ የጆሮና የዓይን ችግርም ይበዛባቸዋል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ከ5ቱ በ1ዱ ላይ ገደማ የሚጥል በሽታ ይገኛል። የሆድ ድርቀት፣ ምግብ ወደ ሳንባ መግባትና የጥርስ ሕመም ሌሎቻችንን ቢያስቸግሩን ነው፤ እነርሱን ግን እስከ ሞት ያደርሷቸዋል።

ይህ የድህነት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ እንግሊዝ አገር ይመልከት። በዚያ አገር ሕክምና በነፃ ነው፤ ሆስፒታሉም ሐኪሙም አለ። ሆኖም ሜንካፕ የተባለ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ዘገባ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የነበረባቸው ስድስት ሰዎች በሆስፒታል እንክብካቤ ሥር ሳሉ እንዴት እንደሞቱ አጋለጠ። አንዱ የ43 ዓመት ሰው ነበር። በስትሮክ ተመትቶ መዋጥ ሲያቅተው ለ26 ቀናት ያለ ምግብ ቆይቶ ሞተ። ቤተሰቦቹ ዝም አላሉም። የስድስቱም ጉዳይ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 የእንባ ጠባቂ ዘገባ ወጣ። ዛሬ በዚያ አገር ይህ ውስንነት ያለበት ሰው ከ14 ዓመቱ ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ የጤና ምርመራ እንዲያገኝ ይደረጋል። ሆስፒታል ሲሄድም የሚወደውን፣ የሚያስፈራውን፣ ሲያመው የሚያሳየውን ምልክት የያዘ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ያም ሆኖ አሁንም ከሌላው ሕዝብ ወደ 20 ዓመት ገደማ ቀድመው ይሞታሉ። መሻሻሉ የመጣው ግን ሐኪሞች ብቻቸውን ተቀምጠው ስላሰቡ ሳይሆን ቤተሰቦችና ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ጠረጴዛው ዘንድ ስለቀረቡ ነው። በአሜሪካ ኦሪጎን ግዛትም እ.ኤ.አ. በ1974 እነዚሁ ሰዎች ራሳቸው ጉባኤ ጠርተው «ከውስንነታችን በፊት ሰውነታችን ይታይ» የሚል እንቅስቃሴ ጀምረው ነበር።

በመዲና መንገድ ላይ

እኛ ይህን ከሩቅ አገር መማር አያስፈልገንም ነበር። አነስ ኢብን ማሊክ ያስተላለፉትና በሶሒሕ ሙስሊም የሚገኘው ታሪክ ይበቃን ነበር። በአእምሮዋ ላይ አንዳች ነገር የነበረባት ሴት ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ጉዳይ እንዳላት ነገረቻቸው። እርሳቸውም ጠባቂዋን ጥሩልኝ አላሉም፤ ነገ ተመለሺም አላሉም። የትኛውን መንገድ እንደምትመርጥ እንድትነግራቸው ጠይቀው፣ እርሷ በመረጠችው መንገድ ላይ አብረዋት ቆሙ። ጉዳይዋን ጨርሳ እስክትሄድም አልተለይዋትም።

ከዚህ ታሪክ ለጤና አገልግሎት የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን አገኛለሁ። አንደኛ፣ የተናገሩት ከሴቲቱ ከራሷ ጋር ነው። ሁለተኛ፣ ቦታውን የመረጠችው እርሷ ናት። ሦስተኛ፣ ጊዜው የተወሰነው በእርሷ ጉዳይ ልክ ነው። ዛሬ በየጤና ጣቢያው እነዚህ ሦስቱ ቢፈጸሙ ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን ንግግር አላደርግም ነበር።

ሕጉና ወንበሩ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስምምነቱ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውንም ያጠቃልላል። በአንቀጽ 25 ለሌላው ሰው በሚሰጠው ዓይነትና ጥራት ሕክምና እንዲያገኙ፣ በአንቀጽ 4 ደግሞ እነርሱን በሚመለከት ውሳኔ ላይ እንዲመከርባቸው ሳይሆን እንዲመከሩ ይደነግጋል። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡ መንግሥታት ሕዝብ በጤና አገልግሎቱ እቅድና አፈጻጸም መሳተፍ መብቱም ግዴታውም እንደሆነ ተስማምተው ነበር።

የሥራ መዋቅሩም ቢሆን አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሯል፤ የከተማው ደግሞ በ2009 ተከትሏል። ነርስ የሆኑ ባለሙያዎች በየቤታችን የሚዞሩት በዚሁ ነው። ጤና ጣቢያዎች የማኅበረሰብ ተወካይ የሚቀመጥበት የሥራ አመራር ቦርድ አላቸው። ጤና ሚኒስቴር ያስፋፋው፣ ኅብረተሰቡ ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጥበት የውጤት ካርድም አለ። ነጥብ የሚሰጠው በ6 ነገሮች ነው፤ በርኅራኄና በአክብሮት በማስተናገድ፣ ወረፋ በመጠበቂያ ጊዜ፣ በመድኃኒትና በምርመራ መኖር፣ በሕንፃና በመሠረተ ልማት፣ በአምቡላንስ፣ በንጽሕናና በደኅንነት።

መልካም ነው። ግን ነጥቡን የሚሰጠው ማን ነው? የእድር ሊቀ መንበር፣ የሴቶች ተወካይ፣ ነጋዴ፣ መምህር፣ አንዳንዴም እንደኔ ያለ ጡረተኛ። እኛ «መስተንግዶው ጥሩ ነው» ብለን ሙሉ ነጥብ ስንሰጥ የ14 ዓመት ልጇን አዝላ ከእንጦጦ ተዳፋት የወረደችውና «ይህ ልጅ ይጮኻልና ውጪ ጠብቂ» የተባለችው እናት በስብሰባው የለችም። ልጁማ ጭራሽ አይታሰብም። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንደሚባለው ነጥቡን ለራሳችን ቆረስን። በገበታው ያልተቀመጠ ሰው ደግሞ ድርሻው ሁልጊዜ ትንሽ ነው።

የተጀመሩ መልካም ሥራዎች

የወላጆችን ብርታት ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበት የደረሰባቸውን ችግር ለሌሎች መፍትሔ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ። በሥሩም ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሕይወታቸው እስኪያልፍ ድረስ «ልጆቻችሁን አትደብቁ» እያሉ በየአደባባዩ ተናግረዋል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ወላጆች ያሰባሰበ ብሔራዊ ማኅበርም አለ። ዳውን ሲንድረም ላለባቸው ልጆች የሚሠራ ዲቦራ ፋውንዴሽንም ተቋቁሟል።

የመደበቁን ነገር ጥናትም ያረጋግጠዋል። በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 ተንከባካቢዎች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት ከ100 ወደ 45ቱ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ወደ 27ቱ ደግሞ የልጃቸውን ሁኔታ ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ያሳፈራቸው ልጁ ሳይሆን እኛ ነን።

ከጥናቱ ባሻገር ሥራም ተሠርቷል። ስለ ልጆች የዕድገት ችግር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠና ተዘጋጅቶ ተሰጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው የእንክብካቤ ክህሎት ሥልጠናም ለአገራችን እንዲስማማ ተስተካክሎ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። ሥልጠናው 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን የሚሰጡትም ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ስፔሻሊስት እስኪበዛ መጠበቅ የለብንም ማለት ነው። ከባድ ሕክምና ለሚያሻውም አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ አይደለም ያለው፤ በኮተቤ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልም የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይሰጣል።

የእንጦጦ ትምህርት

እዚሁ ተራራችን ላይ የሆነውን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት ብዙ ሕመምተኞች ከየአገሩ ወደ እንጦጦ ጠበል መጥተው ይቀመጡ ነበር። ጠበሉን የያዘ መድኃኒት መዋጥ የለበትም ብለው የሚያምኑም ነበሩ፤ በዚህ የተነሣ ሰው ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱም አብረው እንዲወሰዱ ለምእመናኑ በይፋ ተናገሩ። የጤና ባለሙያው ለዓመታት ቢናገር የማይሰማው ቃል ከእምነት አባት ሲመጣ ተሰማ።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ያደረጉት ይህ ነገር ለእኛም ጥያቄ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ለሩቅያ ስናመጣ «ኪኒኑን አቁም» የሚል ሰው በመካከላችን የለም ወይ? ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው በድንገት ሲያቆም ጥሉ ተደራርቦ ሊገድለው ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል እንጂ አልከለከሉም። ስለዚህ ኡስታዞቻችን ሩቅያ ለሚጠይቅ ቤተሰብ ሁሉ መጀመሪያ «መድኃኒቱ አለ ወይ? እንዳታቋርጡ» ብለው ቢጠይቁና ቢመክሩ ያ አንድ ቃል የሰው ሕይወት ያተርፋል።

እንዴት እናሳትፋቸው?

«እነርሱ ምን ያውቃሉ? ማመዛዘን የማይችል ሰው እንዴት አገልግሎት ይመዝናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በእርግጥ ስለ በጀትና ስለ መድኃኒት ግዢ ብዙዎቹ አስተያየት አይሰጡም። ነገር ግን ማን እንደጮኸባቸው፣ የትኛው ክፍል እንደሚያስፈራቸው፣ መርፌ ከመወጋታቸው በፊት የነገራቸው ሰው ስለመኖሩ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ወንድሜ ስለ መስጊዱ ሒሳብ አያውቅም ነበር፤ የጎደለውን ሰው ግን ከኮሚቴው ቀድሞ ያውቅ ነበር።

«ወላጅ ይናገርላቸው» የሚልም አለ። ወላጅ መናገሩ ግድ ነው፤ ግን አይበቃም። እኔ በወንድሜ ፋንታ ተናግሬ ነው የተሳሳትሁት። ደግሞም ልጅ በወላጅ ፊት የማይገልጸው ነገር ይኖራል። በተለይ ሴቶች ልጆቻችንን አስቡ። ጥቃት ቢደርስባቸው በማን ፊት ይናገራሉ? ከሰው ጆሮ ራቅ ባለ ክፍል፣ ከሴት ባለሙያ ጋር፣ በሚገባቸው ቋንቋ ካልተጠየቁ ምሥጢሩ ከእነርሱ ጋር ይቀበራል። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ሕመም ግን በዝምታ ይነቅዛል።

አንድ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ለፎቶግራፍ መጥራት ማሳተፍ አይደለም። አንድን ሰው ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ አስጨብጭቦ፣ ቃሉን ሳይሰሙ መሸኘት ማዋረድ ነው። ማሳተፍ ማለት ጥያቄውን አንድ በአንድ፣ በአጭር ቃል መጠየቅ፣ በሥዕል ማገዝ፣ ለመልሱ መታገሥ፣ ሳይቸኩሉ ደግሞ መጠየቅ፣ «አልፈልግም» ሲልም ማክበር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተናገረው ነገር ምን እንደተደረገ ተመልሶ መንገር ነው። ተናግሮ የተለወጠ ነገር ያላየ ሰው ዳግመኛ አይናገርም።

ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ

ንግግሬን በምክር ብቻ አልደመድምም። ለኮሚቴውና ለጀመዓው አምስት ነገሮች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከቤት ለቤት የሚዞሩ ሁለት እናቶችና ሁለት ወጣቶች ይመረጡ። በየቤቱ ያሉትን ወገኖቻችንን በቤተሰቡ ፈቃድ ይወቁ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ያስተዋውቁ። በሰንሰለት የታሰረ ቢያገኙ ወላጁን አይውቀሱ። ሸክሙን የሚጋራ ስላጣ ነውና ያሠረው፣ መጀመሪያ ሸክሙን ይጋሩ።

ሁለተኛ፣ እናቴ በከሰል የሠሩት ዓይነት የሕመም ካርድ በመድረሳው ልጆች ይሣል። ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ይሰጥ፤ ከጀርባውም የሚወደው፣ የሚፈራው፣ ሲያመው የሚያደርገው ነገር ይጻፍ። ወጪው የካርቶንና የእርሳስ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ጤና ጣቢያው በሚጠራው በሚቀጥለው የነጥብ አሰጣጥ ስብሰባ ላይ ከእኛ ከሚላኩት ተወካዮች መካከል ሁለቱ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ይሁኑ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። የሚያምኑት አጋዥ አብሯቸው ይሂድ። ከስብሰባው በፊት ሕንፃውን ይዞሩት፤ ያስደሰታቸውንና ያስፈራቸውን ቦታ ያሳዩ። በስብሰባውም መጀመሪያ የእነርሱ ይሰማ።

አራተኛ፣ ጤና ጣቢያውን አንድ ነገር እንጠይቅ። እነዚህ ሰዎች ወረፋው በማይበዛበት ሰዓት እንዲመጡ ይፈቀድላቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜም ከራስ እስከ እግር፣ አፋቸው ሳይቀር፣ ይመርመሩ። አዲስ ሕንፃ አልጠየቅንም፤ የምንጠይቀው ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃ ነው።

አምስተኛ፣ የመስጊዳችን በር ይከፈትላቸው። ድምፅ ቢያሰሙ ዞረን አንገላምጣቸው። ሥራ እንስጣቸው፤ ውኃ መቅዳት፣ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ጫማ መደርደር። በመስጊድ የሚታወቅ ሰው ሲታመምም ይታወቃል፤ ሲቀርም ይፈለጋል።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤ ያን ሐኪም «አፉን ከፍቶ ያየው ሰው የለም?» ብሎ ሲጠይቀኝ ያጣሁትን መልስ ዛሬም ድረስ ይዤው እዞራለሁ። የወንድሜ ጉዳይ በአላህ ዘንድ ነው። በዚህ ተራራ ሥር ግን ዛሬ ማታ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር የሚያጋጭ ሌላ ልጅ ይኖራል። እናቱ «ተፈጥሮው ነው» ብላ ታለቅስ ይሆናል። ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ አንዳችን በሯን ብናንኳኳና «እስቲ የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ብለን ልጁን ራሱን ብንጠይቀው የዛሬው ዝግጅት ዋጋ አገኘ ማለት ነው።

አላህ የማይናገሩትን የምንሰማበት ጆሮ፣ የጎደሉትን የምናይበት ዓይን ይስጠን። ለታመሙት ሺፋእ፣ ለተንከባካቢዎቻቸው ብርታት፣ ላለፉትም ረሕመት ያውርድ። አሚን።